ጉጉሊ እና የቀረበላት ወታደር

የጉጉሊን እጆች ብቻ ያየ ሰው ቼዝ ተጫዋች ናት ብሎ አይገምትም። ሱሉጉኒ የምንለው አይባችን በሙቅ ውሃ ውስጥ እየተሳበና እየታጠፈ የሚሠራ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረ እጅ ቀይ፣ ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል፤ የሕፃን እጅ ቅርጹን ሳይለውጥ ያደገ ይመስላል። በዚያ እጅ ፈረሰኛውን ከቦርዱ ላይ ስታነሳ ግን ጣቶቿ ድንገት የሌላ ሰው ይሆናሉ። ልጅ ሆኜ አይብ ስላክ ጀምሮ ሳየው ኖሬ አሁንም ይደንቀኛል።

በከተማችን በሴናኪ ገበያ ቼዝ የማይጫወት ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ዓሣ ሻጩ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን «ቦርዱን ዓሣ ዓሣ እንዲል ታደርገዋለህ ብለው ከለከሉኝ እንጂ እችላለሁ» ይላል። ሽንኩርት ሻጯ ከጠረጴዛዋ ሥር ቦርድ አላት። የበቆሎ ዱቄት የሚሸጡት ወንድማማቾች ከረጢት ላይ ስለሚጫወቱ የእነሱ ጥቁር ወታደሮች ወደ ማታ ነጭ ናቸው። በእኛ አገር ቦርዱ ላይ ጳጳስ የለም፤ በሰያፍ የሚሄደው ኤሊ ነው። ጥግ ላይ የሚቆመውም ግንብ ሳይሆን ሰረገላ ነው። ኤሊ እንዴት ሜዳውን በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ ጫፍ ያቋርጣል ብለው የሚስቁ የውጭ ሰዎች አጋጥመውኛል። የእኛ ያቋርጣል።

ገበያው ሁለት ዓይነት ቦታ አለው፤ የበሩ ጠረጴዛ እና ሌላው ሁሉ። በበሩ የሚገባ ሰው ገና አልተራመደም፣ ገና አልተከራከረም፣ ገና አልሰለቸውም፤ ሽታውን ሲሰማ እዚያው ይገዛል። በሩ ላይ የምትሸጥ ሴት እኩለ ቀን ሳይሞላ በርሜሏን አጥባ ቤቷ ትገባለች። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ሰውም ይሳሳል፣ ብርሃንም ይሳሳል። መጨረሻው ላይ፣ ከዓሣው አጠገብ፣ ውሃ ከእግር ሥር በሚፈስበት ቦታ፣ የጉጉሊ ጠረጴዛ አለ። እዚያ አይብ የሚሸጠው ሲመሽ ነው፣ ያውም «ዓሣ ዓሣ አይልም?» ተብሎ ከተሸተተ በኋላ።

የበሩ ጠረጴዛ የማን እንደሆነ በቃል የሚፈታ ነገር አልሆነም። ገበያው በታደሰ ጊዜ የጉጉሊ እናትም የሌላዋ አይብ ሻጭ የጺጺኖ እናትም «የኔ ነበር» አሉ፤ ሁለቱም ምስክር አመጡ፤ ሁለቱም ምስክሮች የገዛ ዘመዶቻቸው ነበሩ። የዚያን ጊዜው የሚዛን ኃላፊ ጭቅጭቁ ሲያሰለቻቸው ቦርድ ዘርግተው «ተጫወቱና ገላግሉን» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ፣ ወይን ሳይለቀም በፊት፣ አንድ ጨዋታ ይካሄዳል። ያሸነፈች ዓመቱን በሩ ላይ ትቆማለች፤ የተሸነፈች ከዓሣው ጋር። እናቶቹ አልፈው ሴት ልጆቻቸው ወረሱት። ጺጺኖ ደግሞ ከወረሰችው ጀምሮ በሩን ለቃ አታውቅም ማለት ይቻላል።

ጺጺኖ ክፉ ሴት አይደለችም። ምላሷ ብቻ ነው የሚቀድማት። ጉጉሊ ጠዋት በርሜሏን እየገፋች በፊቷ ስታልፍ «ውስጥ ስትደርሺ ዓሦቹን ሰላም በይልኝ» ትላታለች፤ ጉጉሊም «አንቺን ነው የሚጠይቁኝ፣ ዘመዳችን መቼ ነው የምትመለሰው ይላሉ» ብላ ታልፋለች። እንዲህ ተባብለው የዋሉበትን ቀን ማንም አይቆጥረውም።

አምና ከተሸነፈች በኋላ ግን ጉጉሊ ቀልዱ አልመጣላትም። ጉልበቷ ታሟል። እዚያ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እስኪመሽ መቆም ከብዷታል። ባሏ ጁምበር የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ማታ ማታ ከገበያ የሚመልሳት እሱ ነው፤ ከመኪናው ስትወርድ በሩን ይዛ ትንሽ ቆማ እንደምትተነፍስ ያያል። አንድ ቀን እንዲህ አላት፦

«ጉጉሊ፣ ላሞቹን እንሽጥ።»

«እኔንም አብረህ ሽጠኝ።»

«የምሬን ነው።»

«አንድ ዓመት ስጠኝ» አለችው። «በሚቀጥለው መስከረም በሩን ካልወሰድኩ ላሞቹንም በርሜሉንም ሽጥ። አንድ ቃል አልናገርም።»

አንድ ቃል አልናገርም ማለቷ ነው ጁምበርን ያሳመነው። ሃያ ዓመት ካለፈው ትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቃል ገብታለት አታውቅም።

በገበያችን ጨዋታውን የሚጽፉት የአሁኑ የሚዛን ኃላፊ ባቶኖ ቫርላም ናቸው፤ ባቶኖ የምንለው ለአክብሮት ነው። በአይብ መጠቅለያ ወረቀት ላይ፣ ከጆሯቸው በማይለየው እርሳስ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ይጽፉና ከሚዛኑ አጠገብ ባለ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። ጉጉሊ የአምናውን ለምና ወሰደች። ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የብርዱን ወራት ሙሉ፣ ወተቱ እስኪሞቅ፣ ወተቱ እስኪረጋ፣ ዓይኗ እዚያ ላይ ነበር። ቦርዱ ምድጃው አጠገብ ተዘርግቶ፣ አንድ እጇ ማማሰያ፣ አንድ እጇ ፈረሰኛ።

ስለ አከፋፈቱ ትንሽ መናገር አለብኝ። ነጭ የያዘው በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ያስኬዳል፤ ጥቁሩም ያንኑ ያደርጋል፤ ሁለቱ ወታደሮች መሃል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ይቆማሉ። ከዚያ ነጩ ከአጠገቡ ያለውን ወታደር ገፍቶ፣ ያለ አንድ ጠባቂ፣ ለጥቁሩ ወታደር አፍ ያቀርበዋል። ብላው ማለት ነው። ጥቁሩ ሲበላ ነጩ በምትኩ መንገድ ይከፈትለታል፣ ፍጥነት ያገኛል፣ ጦሩ ይፈስሳል። በመጽሐፍ ሌላ ስም አለው፤ በገበያችን ግን «ግብዣ» ነው የሚባለው። እናቶቻቸው ያወቁት እሱን ብቻ ነበር፤ ልጆቹም ከዚያ ሌላ አከፋፈት ለበሩ ጨዋታ ተጫውተው አያውቁም።

አምና ጉጉሊ ነጭ ይዛ ጋበዘች፤ ጺጺኖ በላች። ጉጉሊ ጥሩ እየገፋች ሄዳ፣ ልክ የጥቁሩ ንጉሥ ሲጨነቅ፣ ሰረገላዋን ወደ ኋላ መለሰች። ለምን መለሰችው? ፈርታ። ከዚያ በኋላ ያለው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ የመሸነፍ ታሪክ ነው። ያቺን አንዲት እርምጃ ወር ከወር አፈጠጠችባት። በየካቲት አንድ ማለዳ፣ በረዶ መስኮቱን ሸፍኖት እያለ፣ ሰረገላውን ከመመለስ ይልቅ ኤሊዋን አንስታ ከጥቁሩ ንጉሥ ጎን ያለው ወታደር ላይ ወረወረችው። ንጉሡ ኤሊውን መብላት ግድ ይሆንበታል። ሲበላ ይወጣል። ሲወጣ ፈረሰኛው ይደርስበታል፣ ንግሥቲቱ ከኋላ ትዘጋበታለች።

«ወተቱ ገነፈለ» አለ ጁምበር።

«ይገንፍል።»

«ምድጃው ላይ እኮ ነው።»

«ጁምበር፣ ና ይህችን ኤሊ እያት።»

ጁምበር ቼዝ ብዙም አይገባውም፤ ግን መጥቶ አየ። ሚስቱ ጉንጯ ቀልቶ፣ ማማሰያው በእጇ፣ እየሳቀች ነበር። «ቆንጆ ናት» አላት፣ ስለ ኤሊዋ ይሁን ስለ ሌላ አልተናገረም።

ያን ዕለት ጉጉሊ ወደ ገበያ የሄደችው ጉልበቷን እንደሚያማት ሳይሆን ክንፍ እንዳላት ሆና ነበር። ኤሊዋን ለሽንኩርት ሻጯ አሳየቻት። ለዱቄት ሻጮቹ አሳየቻቸው። ለዓሣ ሻጩ፣ ቦርዱን በሩቁ ይዛ፣ አሳየችው። አይብ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ኤሊዋን ያያል፣ ከዚያ ነው የሚመዘንለት። እስከ ፀደይ ድረስ ገበያው በሙሉ ያቺን እርምጃ በቃሉ ያውቃት ነበር፤ «የጉጉሊ ኤሊ» የሚል ስምም ወጣላት። እኔ ራሴ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመለስ ከእናቴ ቀድሞ የነገረኝ ዓሣ ሻጩ ነው።

ነሐሴ ላይ ከሌላ ከተማ የመጣች አንዲት ሴት አይብ እየቀመሰች ጉጉሊ ደግሞ እያሳየቻት ሳለ፣ ባቶኖ ቫርላም የሚዛን ድንጋዮቻቸውን ተሸክመው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ጉጉሊ፣ ልጄ» አሉ። «ለመሆኑ ዘንድሮ ምን ትይዣለሽ?»

«ነጭ ነዋ ባቶኖ ቫርላም።»

«አምናስ ምን ያዝሽ?»

«ነጭ።»

ሽንኩርት ሻጯ የያዘችውን ሽንኩርት ቀስ ብላ አስቀመጠች። ነጩ በየዓመቱ እንደሚፈራረቅ የማያውቅ ሰው በገበያው ውስጥ የለም፤ ጉጉሊም ታውቀዋለች፣ ስሟን የምታውቀውን ያህል። ግን የተሸነፈ ሰው የሚጠግነው የተሸነፈበትን ጨዋታ ነው። የሚመጣውን ማን ያያል? ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ያንኑ ነጭ ጦር እየመራች፣ አምናን ስታሸንፍ ከርማለች።

«ዘንድሮ ጥቁር ነሽ» አሉ ባቶኖ ቫርላም፣ እንደ ሐኪም በለሰለሰ ድምፅ።

ከበሩ ወገን የጺጺኖ ሳቅ መጣ። ወሬው ጉጉሊን ቀድሞ እዚያ ደርሶ ነበር።

«ጉጉሊዬ» አለች ጺጺኖ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ስለ ትምህርቱ እግዜር ይስጥልኝ። ብርዱን ሙሉ በነፃ ነው ያስተማርሽኝ። ኤሊሽን እኔ በደንብ አድርጌ አሳርፍልሻለሁ፣ አታስቢ።»

ያን ቀን ጉጉሊ አልመለሰችላትም። ጺጺኖም ሳቋን ሳትጨርሰው ተወችው።

ሰኞ ገበያ አይቆምም። ጉጉሊ ቦርዱን ግቢ ውስጥ ከወይኑ ሐረግ ሥር አወጣችው። ወረቀቱን ከግድግዳ ላጠችው፤ ጥጉ በዘይት ወዝቷል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያላደረገችውን አንድ ነገር አደረገች። ተነስታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ ከጥቁሩ ወገን ተቀመጠች።

በኋላ ስትነግረኝ «ሌላ አገር ነበር» አለችኝ። ያንኑ ጨዋታ ያንኑ ወረቀት አይታ ከፈተችው። ወታደሮቹ መሃል ላይ ተፋጠጡ። ከዚያ ያ የነጩ ወታደር፣ ሁልጊዜ ከኋላው ሆና የምትገፋው፣ አሁን ከፊት ለፊት መጣባት። ከኋላ ሲታይ ለጋስ ነበር። ከፊት ሲታይ የሚገፋ ነበር። በላችው። አምና ጺጺኖ እንዳደረገችው ቀጠለች፤ ወደ ኤሊዋ እርምጃ ደረሰች፤ በገዛ ኤሊዋ ሞተች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ሌላ ሞከረች። ሞተች። ሁለት ተመለሰች። ትንሽ ቆየችና ሞተች። የሠራችው ነገር ጥሩ ነበርና ቀዳዳ አልነበረውም። እየኮራችም እያለቀሰችም አንድ አንድ እርምጃ እያለች ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ፣ ማለቴ እስኪጀመር ድረስ። ቦርዱ ላይ ሦስት የወጡ ወታደሮች ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱ የተፋጠጡት፣ አንዱ የቀረበው።

ጁምበር የበቆሎ ገንፎውን በአይብ እየበላ ነበር።

«ባልወስደውስ?» አለች ጉጉሊ።

«ምኑን?»

«ወታደሩን።»

ማንኪያው መንገድ ላይ ቆመ። እኔ ይህን ስሰማ ስቄያለሁ፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በእኛ ዘንድ የቀረበን ነገር መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ ብርጭቆ ሲሞላለት እጁን ከላይ የሚከድን እንግዳ ለዓመት ይታማል። ያ ደንብ ከገበታ ወደ ቦርዱ መቼ እንደተሻገረ ማንም አያውቅም፤ ግን ተሻግሯል። በገበያችን የተጋበዘ ወታደር ይበላል። ሲያሸንፍም ይበላል፣ ሲሸነፍም ይበላል። አለመብላት የሚባል እርምጃ መኖሩን ያሰበበት ሰው አልነበረም፤ የሰጡህን ጉርሻ አፍ ዘግቶ እንደመመለስ ነው።

«ጉጉሊ» አለ ጁምበር ቀስ ብሎ፣ «ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል?»

«አስተዳደግ የላትም ይላላ።»

«ላሞቹን ስሸጥስ ምን ይላል?»

ጁምበር ገንፎውን ቀጠለ።

ልጃቸው ኢያ ተብሊሲ ነው የምትኖረው። ጉጉሊ ደውላ ጠየቀቻት፤ ኢያ «እማዬ፣ እዚህ እኮ ግማሹ ሰው አይወስደውም፣ የታወቀ ነገር ነው» አለቻት። ጉጉሊን ይህ አላጽናናትም። «የተብሊሲ ሰው ጎረቤቱንም ሰላም ሳይል ያልፋል፣ የእነሱን ተዪው» ብላ ስልኩን ዘጋች። ግን ወደ ቦርዱ ስትመለስ እጇ ቆራጥ ሆኖ ነበር። ወታደሩን እንደቀረበ ተወችውና ጥቁሩን ኤሊ አወጣች። ኤሊው ሜዳውን በሰያፍ አቋርጦ ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ፣ በሩቅ፣ ነጩ ንጉሥ ሸሽቶ የሚደበቅበትን ጓዳ በር ያያል። ምንም አልበላም። ምንም አልዛተም። ተቀምጦ ያያል ብቻ። ጉጉሊ ልቧ እንዴት እንደመታ ነግራኛለች። ስንት ዘመን የተጫወተችው ጨዋታ ውስጥ፣ በሁለተኛው እርምጃ ላይ፣ ማንም ያልገባበት ክፍል ነበረ።

ከዚያ ደግሞ አሰበች። ጺጺኖ ረጋ ብላ ከቀጠለች ረጅም ጨዋታ ነው። ከተናደደችስ? ተናዳ የኔን ወታደር ብትበላስ? አንድ ሁለት እርምጃ ገፋች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ሳቀች።

ይህን እርምጃ ለማንም አላሳየችም። ለእሷ ከሁሉም የከበደው ያ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሽንኩርት ሻጯ «ምን አሰብሽ?» ስትላት «ጸሎት» ትላለች።

የጨዋታው ቀን ገበያው ሥራውን ትቶ ሚዛኑ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ እኔም መሃላቸው ነበርኩ። ቦርዱ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተዘርግቷል። ባቶኖ ቫርላም ንጹሕ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው እርሳሳቸውን በምላሳቸው አራሱ። ጺጺኖ የበዓል ሻሿን አስራ መጣች። ጁምበር ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ተሳፋሪዎቹን «አምስት ደቂቃ» ብሏቸው ገባ፤ ተሳፋሪዎቹም ከኋላው ገቡ።

ጺጺኖ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አስኬደች። ጉጉሊም። ጺጺኖ ሁለተኛውን ገፋችና፣ በአንድ ጣቷ ጫፉን ነካ አድርጋ፣ «ብዪ» አለች።

ጉጉሊ ቦርዱን አየች። እጇ ወጣ፣ ከወታደሩ በላይ አለፈ፣ ኤሊውን አነሳ፣ አስቀመጠ።

የባቶኖ ቫርላም እርሳስ ቆመ።

«ልጄ፣ ተሳስተሽ ነው?» አሉ። «ከተሳሳትሽ ይመለስ፣ ማንም ምንም አይልም።»

«አልተሳሳትኩም ባቶኖ ቫርላም። ይጻፉልኝ።»

ጺጺኖ ወታደሯንና ጉጉሊን ተራ በተራ አየች።

«አልወስድም ነው የምትይኝ?»

«አልወስድም።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ጥሩ ወታደር ነው።»

«ታዲያ ውሰጂዋ።»

«አይ።»

«በሞቴ ጉጉሊ።»

«አንቺ ኑሪልኝ። አልወስድም።»

ከዱቄት ሻጮቹ አንዱ «ኧረ እናቷ ይህን ባዩ» ሲል ተሰማ። ዓሣ ሻጩ ደግሞ፣ ከሩቅ ቆሞ፣ «ምን ሆነ? ምን አደረገች?» እያለ ሰው ይጠይቃል፤ የሚመልስለት አላገኘም። የጺጺኖ አንገት ከሻሿ ሥር ቀላ። የጉጉሊን ኤሊ ዓመቱን ሙሉ አጥንታ፣ ለማሳረፍ ተዘጋጅታ የመጣች ሴት ናት። አሁን ያ ሁሉ ዝግጅት እንዳማረበት ገበታ ማንም ሳይነካው ቀረ። መናቋ ከጨዋታው በላይ አናደዳት።

«እንግዲያው» አለች፣ «አንቺ የኔን ከናቅሽ እኔ የአንቺን አልንቅም» ብላ የጉጉሊን ወታደር በላች።

ጉጉሊ ንግሥቷን በሰያፍ እስከ ቦርዱ ዳር ላከቻት። «ኪሽ» አለች። በቦርዳችን ንጉሥሽን ጠብቂ የሚባለው እንዲህ ነው።

ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። ንጉሡ ወደፊት አንድ ቤት ቢወጣ ንግሥቲቱ መሃል ላይ ገብታ ትጨርሰዋለች፤ ያ በሩቅ ተቀምጦ ሲያይ የነበረው ኤሊ የመሸሻውን በር ዘግቷል። ጺጺኖ ይህን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ቁጣዋ በአንድ ጊዜ ወጣላትና ተጫዋች ሆነች። ረጅም ጊዜ አስባ በመሃል ወታደር ከለለች። ንግሥቲቱ መሃል ላይ ያለውን ወታደር ወሰደች፣ ደግሞ ኪሽ፤ ቀጥላም ጥጉ ላይ ያለውን ሰረገላ በላች።

«አለቀ» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

«ዝም በል አንተ፣ ታክሲህን ጠብቅ» አለችው ሽንኩርት ሻጯ። አላለቀም ነበርና። ሰረገላውን የበላችው ንግሥት የጠላት ጥግ ውስጥ ገብታለች። ጺጺኖ ፈረሰኛዋን አውጥታ መውጫዋን ዘጋችባት። ሌላ ሁለት እርምጃ ቢሰጣት ወጥመዱን ትቆልፈዋለች፤ ንግሥት በሰረገላ ተለወጠች ማለት ነው፣ በሩም ተመልሶ የጺጺኖ። ጁምበር ሚስቱን ያይ ነበር። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ይህን ቤቷ አላጠናችውም። የወይኑ ሐረግ ሥር ሳቋ እዚህ ድረስ አልደረሰም ነበር። ቦርዱን አየችው፣ ወረቀት የሌለበትን ቦርድ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም አልጻፈላትም። ከዚያ ፈረሰኛዋን አወጣች፤ ጺጺኖ ወታደር ገፍታ ኤሊውን ስታስፈራራ፣ ጉጉሊ ኤሊውን አላሸሸችም። በዚያው ፈረሰኛ ወታደሩን በላችና ፈረሰኛውን ለመበላት አቀረበችው። መውጫውን የዘጋው የጺጺኖ ፈረሰኛ ሊበላው ተነሳ። ሲነሳ በሩ ተከፈተ። ጥቁሯ ንግሥት ከጥጉ በረጅሙ ሰያፍ መንገድ ተንሸራታ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከኋላዬ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁ፣ ዞር ስል ዓሣ ሻጩ ነው፣ ሳይታወቀው ቦርዱ አጠገብ ደርሶ።

ከዚያ በኋላም ጺጺኖ ዝም ብላ አልሰጠችም። የተረፋትን ይዛ እስከ መጨረሻ ተከላከለች። ግን በአንድ ሰረገላ ታንስ ነበር፣ ጉጉሊም አልቸኮለችም። በመጨረሻ ጺጺኖ ንጉሡን በጣቷ ገፋ አድርጋ አጋደመችው። ባቶኖ ቫርላም የመጨረሻውን ጽፈው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አዩትና፣ እንደ አዲስ ነገር ደግመው አዩት።

«እንግዲህ ላሞቹ?» አለ ጁምበር።

«ላሞቹ የት ይሄዳሉ» አለች ጉጉሊ። ለመነሳት ሞክራ ወዲያው አልተነሳችም። ጁምበር እጁን ሰጣት። ተሳፋሪዎቹ ተራ በተራ እንኳን ደስ አለሽ ብለዋት ነው ወደ መኪናው የተመለሱት።

በገበያችን ተሸናፊዋ የአሸናፊዋን በርሜል እስከ በሩ አብራ ትሸከማለች። ሁለቱም በጨው ውሃ የተሞላውን በርሜል በሁለት ጎን ይዘው ከዓሣው መንገድ ጀመሩ። ጺጺኖ ምንም ሳትናገር ከባዱን ጎን ወስዳለች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ቀስ በይ» አለች ጉጉሊ።

«አንቺ ነሽ የምትጎትቺው።»

«ውሃው እየፈሰሰ ነው።»

«ይፍሰስ፣ ነገ ሌላ ትሞያለሽ፣ በሩ ላይ ቧንቧ አለልሽ።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። መሃል ላይ ሲደርሱ ጺጺኖ ቆመች፣ በርሜሉ መሬት ነካ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እውነቱን ንገሪኝ። ለምንድነው ያልወሰድሽው?»

ጉጉሊ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ብዙ የምትለው ነበራት፤ የአምናው ወረቀት፣ ሰኞ፣ ጉልበቷ፣ ላሞቹ።

«ጠግቤ ነበር» አለች።

ጺጺኖ አፈጠጠችባት። ከዚያ ከሆዷ የመጣ ሳቅ ያዛት፤ በርሜሉን ተደግፋ እስኪያንፈራፍራት ሳቀች፣ ሻሿ ተፈታ። ጉጉሊም ተከተለቻት። ሲሰክኑ ጺጺኖ ዓይኗን አብሳ፣ ከባዱን ጎን ደግማ ያዘችና፣ «ነይ ያዢ እንግዲህ፣ ገበያተኛ እየመጣ ነው» አለች።